የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ለመኪና፡ ለምን አንማረውም?

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ጥያቄና አንድ ሳቅ ነው። ጥያቄው የኔ ነው፣ ሳቁ ደግሞ የክፍሉ። የነዳጅ ሲስተም ስንማር እጄን አውጥቼ «የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር መኪና ላይ ቢገጠም እንዴት ነው የሚስተካከለው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፣ ከፊት ያሉትም ዞር ብለው አዩኝ። መምህራችን (ጥሩ መምህር ናቸው፣ ስማቸውን ማንሳት አያስፈልግም) «እሱ የመንደር ጋራዥ ሥራ ነው፤ ካርቡሬተር ራሱ ጊዜው አልፎበታል» አሉና ወደ ኢንጀክሽኑ ተሻገሩ።

እኔ ግን ያደግሁት ሲሬ ነው። ሲሬ ላይ ጊዜው ያለፈበት የሚባል ዕቃ የለም፣ ያልተገኘ ዕቃ ነው ያለው። በቀለም ትምህርት ጊዜው አልፎበታል የተባለው ነገር ገበያ ቀን ስንዴና ጤፍ ጭኖ፣ ሰው ጭኖ፣ አንዳንዴም በግ ጭኖ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ሳቁ ከነከነኝ። በዚያው ጊዜ የአጎቴ ቮልስ ሞተሯ ተፈትቶ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተዘርግቶ ስለነበር ደግሞ ይበልጥ ከነከነኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። አጎቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በዕድሜ ልክ ደመወዛቸው የገዟት ትልቋ ንብረት አንዲት የ1200 ቮልስዋገን ናት። ምጥ የያዛት ሴት በሷ ወደ ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ ሙሽራ በሷ ገብታለች፣ እኔም ማትሪክ የተፈተንኩ ዕለት የሄድኩት በሷ ነው። ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ግን የራሷ ሶሌክስ ካርቡሬተር ደከመ። ደከመ ስል ጄቱ ተደፈነ ማለቴ አይደለም፤ እሱማ በነፋስ ይጸዳል። የትሮትሉ ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ተበልቶ ሰፋ። በዚያ በሰፋው በኩል ማንም ያልለካው አየር ይገባል። ውጤቱን ቮልስ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚኒሞ አትይዝም፣ አንዴ ትጮሃለች አንዴ ትሞታለች፣ ጠዋት ደግሞ ጎረቤት ካልገፋ አትነሳም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ተልኮ ተፈለገላት። የተገኘው ካርቡሬተር ከራሷ ይበልጥ የተበላ ነበር። ያልተበላው ዋጋው ብቻ ነው።

ያኔ ነው አሰላ ያለ አንድ መካኒክ «ጋሼ፣ ለምን የሞተር ካርቡሬተር አንገጥምላትም? እንደ ልብ ይገኛል፣ ርካሽ ነው» ያላቸው። እውነቱን ነው። ባጃጁና የቻይናው 125 እና 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል በየከተማው ከገባ ወዲህ የዳቦ መጋገሪያ ያህል የመለዋወጫ ሱቅ አለ። አጎቴም «አንተ ካልክ ይሁን» አሉ። መካኒኩ የብረት ክርን በየደ፣ የአንድ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ገጠመላት። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ስታወጣ ጊዜ ዋናውን ጄት አውጥቶ ትንሽ ቁጥር አስገባላት። ጭሱ ጠፋ። መኪናዋም እንደ አዲስ ሆነች። ሚኒሞዋ እንደ ሰዓት ቀጥ አለ፣ ነዳጅም ቀነሰች። አጎቴ ለሁለት ወር ያህል ለመንገደኛው ሁሉ ይመሰክሩላት ነበር።

ከዚያ ለሠርግ አዳማ ወረዱ። ሲመለሱ አዋሽ መልካሳን አልፈው ዴራ ሳይደርሱ ጉልበቷ ጥሏት ወደቀ፤ ከማርሚታው ጥይት የሚመስል ድምፅ መጣ። በኤንትሬ ተጎትታ ነው የገባችው። ቴስታታው ሲወርድ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ እንደ ተነከሰ ቂጣ ሆኗል። ጎረቤቱ «የሞተር ካርቡሬተር ድሮም አይሆንም» አለ። መካኒኩ «ቤንዚኑ ነው፣ ቀላቅለውበታል» አለ። አጎቴ ብቻቸውን «የሰው ዓይን ነው» ብለው ደመደሙ። እኔም በእረፍት ጊዜዬ ደብተርና ካቻቢቴ ይዤ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ አስተያየቴን ልናገር። ጎረቤቱም፣ መካኒኩም፣ (ይቅርታ ይደረግልኝና) ክፍላችንም ተሳስተናል። የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ለመኪና ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ ራሱ የተበላሸ ነው። ካርቡሬተር የተወሰነ ስፋት ያለው ጉሮሮ ነው፤ አየር ባለፈበት መጠን ነዳጅ የሚለቅ። የማንን አየር እንደሚያሳልፍ አያውቅም። መጠየቅ ያለብን የትኛው ካርቡሬተር፣ በየትኛው ጄት፣ በስንት ግፊት ነዳጅ፣ በስንት ሜትር ከፍታ የሚለውን ነው። አጎቴ ቤት በረንዳ ላይ ከእነዚህ አንዱንም የለካ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ «ትንሽ ነው» የሚለውን ላንሳ፤ የክፍል ጓደኞቼ የሳቁት በዚህ ነውና። የ150 ሲሲ ካርቡሬተር እንዴት 1200 ሲሲ ይመግባል? ሲሰሙት ያስቃል። ነገር ግን አስቡት። አንድ ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል አየር የሚስበው ከአራቱ ምት በአንዱ ብቻ ነው። ሦስቱን ምት ካርቡሬተሩ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል፣ በአንዱ ግን በኃይል ይሳባል። ስለዚህ ጉሮሮው የሚሠራው ለአማካዩ ሳይሆን ለዚያች ለአንዷ ምት ነው። ቮልስ ላይ ደግሞ አራቱ ሲሊንደሮች በየተራ ከአንድ ካርቡሬተር ስለሚስቡ አየሩ ከሞላ ጎደል ሳያቋርጥ ይፈሳል። ለዚህ ነው የ1200 ቮልስ ባለ 28 ሶሌክስ የውስጥ ጉሮሮው 22 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ የሆነው። የ150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ደግሞ 26 ወይም 27 ሚሊሜትር ነው። አያችሁ፣ ትንሹ የመኪናው ነው! በስፋት በኩል የአሰላው መካኒክ አልተሳሳተም። አስቦበት ይሁን ዕድል ቀንቶት አላውቅም።

እንግሊዞች ይህን ነገር እንደ ስፖርት ይዘውታል። የያማሃና የሱዙኪ እሽቅድምድም ሞተር ሳይክሎችን ባለ አራት ረድፍ ካርቡሬተር አውጥተው አሮጌ ፎርድና ሚኒ ላይ ይገጥማሉ፤ ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ። ሒሳቡም ይገጥማል። በደቂቃ 12,000 የሚዞር 1000 ሲሲ ሞተር ሳይክልና 6,000 የሚዞር 2000 ሲሲ መኪና የሚውጡት አየር እኩል ነው። ያ ግን የነሱ ነው። እኛ አገር የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል የሚያሯሩጥ ስንት ሰው አለ? የኛ ጉዳይ የባለ አንድ ሲሊንደሩ ካርቡሬተር ነው።

ቀጥሎ መለየት ይመጣል። ሱቅ ስትሄዱ ባለሱቁ «የሞተር ካርቡሬተር» ብሎ የሚያወጣላችሁ ነገር ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱ ደግሞ እንደ በቅሎና ፈረስ ይለያያሉ። በአንደኛው የጋዝ ኬብሉ ቀጥታ በክዳኑ ገብቶ ውስጥ ያለውን ተንሸራታች በርሜል ወደ ላይ ይስበዋል። እጃችሁ በከፈተው መጠን ይከፈታል፣ ሞተሩ ደረሰበት አልደረሰበት ግድ የለውም። ሁለተኛው ሰፊ ክብ ኮፍያ አለው። ኮፍያው ሲከፈት ውስጡ ስስ የላስቲክ ዲያፍራም ይገኛል። ኬብሉ የሚያዞረው በጎን ያለውን ቢራቢሮ ብቻ ነው፣ በርሜሉን የሚያነሳው ራሱ የሞተሩ ስበት ነው። ይኼኛው ለመኪና የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ሶሌክሱ ድንገት ቤንዚን ሲረገጥ ነዳጅ የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ አለው፤ ብዙዎቹ የሞተር ሳይክል ካርቡሬተሮች የላቸውም። ሞተር ሳይክል ቀላል ስለሆነ ችግር የለውም። አምስት ሰው የጫነች ቮልስ ዳገት ላይ በኬብል በሚነሳው ዓይነት ድንገት ቢረገጥባት ግን አየሩ ቀድሞ ይገባና ሞተሩ ይታነቃል። የዲያፍራሙ ዓይነት ሞተሩ የቻለውን ያህል ብቻ ስለሚከፍት ይህን ጠባይ ይገራዋል።

ገላው ላይ የታተመውን ማንበብም አለ። ሚኩኒ የኬብሉን ዓይነት ቪ.ኤም. ይለዋል፣ የዲያፍራሙን ቢ.ኤስ.። ኬሂን የዲያፍራሙን ሲ.ቪ. ይለዋል። ቻይኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ፒ.ዜድ. ከኬሂን የተቀዳ የኬብል ዓይነት ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው 22፣ 26፣ 30 የጉሮሮው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ግን ቅጂው ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ ካሊፐር አስገቡበት። የጄት ቁጥር ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለው። አንዳንዱ ጄት ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው (100 ማለት 1 ሚሊሜትር ማለት ነው)፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የሚያሳልፈው ነዳጅ መጠን ነው። ስለዚህ የሚኩኒ 100 እና የኬሂን 100 አንድ አይደሉም፣ ጥርሳቸውም አይገጥምም። መካኒኩ «ከ105 ወደ 90 አወረድኩት» ሲለኝ የየትኛው 105፣ የየትኛው 90 እንደሆነ ለራሱም አላወቀውም። ሁለት ጓዳ ሠራተኞች አንዷ በኩባያ አንዷ በጣሳ እየሰፈሩ ተስማማን ቢሉ ማለት ነው።

ከሚኒሞ ጎን ያለችው ትንሽ ስክሩም ሰውን አሳስታለች። «ወደ ውጭ ስትፈታ ነዳጅ ይበዛል» ይላል አንዱ፣ «የለም ይሳሳል» ይላል ሌላው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ስክሩዋ ከበርሜሉ በሞተሩ በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው ነዳጁን ነው፣ ስትፈታ ይበዛል። በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች ግን የምትቆጣጠረው አየሩን ነው፣ ስትፈታ ይሳሳል። ይህን ሳይለዩ ማስተካከል ባልታወቀ መንገድ ላይ በጨለማ መንዳት ነው። ሌላው ሁሉ የየራሱ ክልል አለው። ቤንዚን ገና ሲነካ ትንሿ ጄትና ይህች ስክሩ፣ ከሩቡ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ መርፌዋ፣ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። የመርፌዋን ክሊፕ ወደ ታችኛው ክር ስታወርዱት መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ነዳጅ ይጨምራል። በዝግታ ስትሄድ የምትንገጫገጭ መኪና ላይ ዋናውን ጄት የሚቀይር መካኒክ እግሩን ላመመው ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ነው። (እንዲህ ያለ መካኒክ አንድ ሁለት ሳይሆን ብዙ አይቻለሁ፤ ከተማም ውስጥ።)

አሁን ወደ አርሲ ደጋ እንምጣ፤ የአጎቴ ቫልቭ ነገር እዚህ ውስጥ ነውና። አዳማ ከባሕር ወለል ወደ 1,600 ሜትር፣ አሰላ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የባሕር ወለል የአየር ግፊት 100 ቢሆን አዳማ 82 ገደማ፣ አሰላ 75 ገደማ ይሆናል። ሩቡ አየር የለም ማለት ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ቮልስ አሰላ ላይ 25 አካባቢ የምትሆነው። ይህን ጉልበት የሚመልስ ካርቡሬተር የለም። «የሞተር ካርቡሬተር ጉልበት ይጨምራል» የሚላችሁ ሰው ካለ የተበላውን አሮጌውን ነው የሚያወዳድረው።

ነገር ግን አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ እኩል አይቀንስም። ካርቡሬተሩ ነዳጅ የሚስበው በጉሮሮው በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው፣ የነዳጁም ፍሰት የሚከተለው የዚያን ልዩነት ካሬ ሩት ነው። ስለዚህ አየሩ ወደ 75 ሲወርድ ነዳጁ ወደ 87 ብቻ ይወርዳል። ድብልቁ በ15 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይበዛበታል። የመጀመሪያው ቀን ጥቁር ጭስ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ጄቱ በቀዳዳው ስፋት የሚቆጠር ከሆነ ለአሰላ 100 የነበረው 93 አካባቢ፣ በፍሰት የሚቆጠር ከሆነ 87 አካባቢ መሆን አለበት። መካኒኩ ጄት መቀነሱ ትክክል ነው! የቀነሰው ግን ጭሱ እስኪጠፋ ነው እንጂ ልኩ እስኪደርስ አይደለም። በጆሮና በዓይን የተስተካከለ ሞተር ብዙ ጊዜ ወደ መሳሳቱ ያዘነብላል፤ ምክንያቱም በትንሹ የሳሳ ድብልቅ ጥሩ ይነዳል፣ አይጨስም፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ባለቤቱም ይመርቃል።

ከዚያ መኪናዋ ወደ አዳማ ትወርዳለች። አየሩ ወፈረ፣ ጄቱ ግን የአሰላው ነው። ስሌቱ እንደሚለው ከአሰላ አዳማ ሲወረድ ድብልቁ በ5 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሙቀቱም ስለሚጨምር ልዩነቱ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። 5 በመቶ ለብቻው ሞተር አይገድልም። ቀድሞም ጠርዝ ላይ የቆመውን ግን ይገፋዋል። የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ቃጠሎው ሳያልቅ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይከፈትና እሳቱን ቫልቩ ይቀበለዋል። ለምን ሦስተኛው ሲሊንደር ለሚለው መልሱ ቮልስ ራሷ ነች። በአሮጌዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቀመጠው የሦስተኛው ሲሊንደር አየር መንገድ ላይ ስለሆነ ከአራቱ ይበልጥ የሚግለው እሱ ነው። ቮልስ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሦስተኛው ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥፋተኛው ጄቱ ይመስላል። እኔም እንዲያ ብዬ ጽፌ ደብተሬን ልዘጋ ነበር። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ያለችውን ቀጭን ላስቲክ አየኋት። ጫፏ ውስጥ ቡሎን ገብቶባታል።

ይህችን ላስቲክ ልብ በሉልኝ። በስልሳዎቹ የ1200 ቮልስ ዲስትሪቢዩተር ላይ ሞተሩ ሲፈጥን ሻማውን (ካንዴላውን) ቀደም ብሎ የሚያስተኩሰው ከካርቡሬተሩ የሚመጣው ቫኩም ብቻ ነው። እንደ ሌሎች መኪናዎች በመሽከርከር የሚከፈት ክብደት የለውም። ሶሌክሱ ለዚህ የሚሆን ቀዳዳ አለው፣ የሞተር ሳይክሉ ካርቡሬተር የለውም፤ ሞተር ሳይክል የራሱ አሠራር አለውና አያስፈልገውም። መካኒኩ የሚሰካበት ሲያጣ አየር እንዳይገባ ብሎ ጫፉን በቡሎን ደፈነው። በሱ ቤት ጥንቃቄ ነው። መኪናዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትፈጥንም ስትዘገይም በሚኒሞ ሰዓት ላይ ነበር የምትተኩሰው። ዘግይቶ የሚተኮስ ድብልቅ ደግሞ እንደ ሳሳው ሁሉ ሙቀቱን ወደ ጭስ ማውጫው ይዞ ይወጣል። ሁለት ወር ሙሉ ቫልቩ ከሁለት ወገን ነበር የሚጠበሰው።

ሦስተኛውን ነገር ሳገኝ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ከቫልቭ የከፋ ስለሆነ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ላሜራ በቤንዚን ታጥቦ ነጥቷል። የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ነዳጅ የሚያገኘው ከላይ ካለ ታንከር በራሱ ክብደት ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቤንዚን የሚሰጠው ግፊት 0.02 ባር ገደማ ነው። የቮልስ ፓምፕ ግን 0.2 ባርና ከዚያ በላይ ይገፋል፣ አሥር እጥፍ። የተንሳፋፊዋ ትንሽ መርፌ ይህን ማቆም አትችልም። ነዳጁ ሞልቶ ይፈሳል፣ የሚፈሰው ደግሞ በጋለ ሞተርና ብልጭታ በማያጣው ዲናሞ አጠገብ ነው። አጎቴ በዚያች መኪና ስንት ልጅ አሳፍረዋል? ለቫልቩ ሁሉም አዝኗል፣ ስለዚህኛው ግን የተናገረ አልነበረም፤ ስላልነደደ።

መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። የግፊት መቀነሻ መግጠም፣ ወይም ከፓምፑ በኋላ ትርፉን ነዳጅ ወደ ታንከሩ የሚመልስ ቱቦ መዘርጋት ይቻላል። የቮልስ ፓምፕ ግፊት ከሥሩ ባሉት ጓርኒሲዮኖች ብዛትም ይለወጣል፣ ግን ያ ብቻውን አሥር እጥፉን አያወርደውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከገጠሙ በኋላ በጌጅ ማየት ያስፈልጋል።

ካርቡሬተሩ ጽዋው ቀጥ ብሎ መቆም እንዳለበት፣ የሶሌክሱ አፍ ወደ ታች የሞተር ሳይክሉ ደግሞ ወደ ጎን ስለሆነ ክርኑ አጭርና ጥሩ ሙቀት የሚያገኝ መሆን እንዳለበት፣ ካልሆነ በአርሲ ጉም ጠዋት ነዳጁ ክርኑ ውስጥ ኩሬ ሠርቶ እንደሚቀር፣ ጉሮሮውም በረዶ ሊይዝ እንደሚችል በዚሁ ላልፈው። እሱን ማንም በሁለት ጠዋት ይማረዋል።

መምህራችን የሚሉትንም አልረሳሁም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ከዚያ በፊት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው መነሳት ጀምሮ ነበር። የወደፊቱ የኤሌክትሪክ ነው ቢባል አልከራከርም፣ ዲፓርትመንቱም ወደዚያ ማየቱ ተገቢ ነው። ግን አስተውሉ፤ የቆመው ማስገባት ነው። ያለው አለ። ቮልስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሜክሲኮም ውስጥ አይሠራም፣ የላዳዋ 2107ም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሩሲያ ውስጥ ቆማለች። እነዚህ መኪናዎች መንገድ ላይ በቆዩ ቁጥር መለዋወጫቸው እየጠፋ ይሄዳል፣ መለዋወጫ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ባለቤቱ የተገኘውን ያስገጥማል። እኛ አስተማርነው አላስተማርነው ይገጠማል። ልዩነቱ በቡሎን በተደፈነ ላስቲክ መገጠሙና አለመገጠሙ ላይ ነው።

ሌላ ክርክር አለ፣ እሱን ያመጣብኝ ደግሞ ማንም ሳይሆን እኔው ነኝ። የአጎቴ ሶሌክስ መጣል ነበረበት ወይ? አልነበረበትም። የተበላውን ቀዳዳ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስፍቶ፣ የነሐስ ቡሽ አስገብቶ፣ ዘንጉን በልኩ ማስገጠም ይቻል ነበር። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ቫኩሙም ግፊቱም እንደነበረ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ይዞ ቢመጣ የመጀመሪያ ምክሬ «የራሷን አሳየኝ» ነው። የራሷ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠፋ ግን እንማማር። ይህን የምለው የጽሑፌን ርዕስ የሚያፈርስ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። አያፈርስም። መለየትና መለካት የተማረ ሰው ነው መቼ መተው እንዳለበት የሚያውቀው።

እንግዲህ ዲፓርትመንቱን የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ወርክሾፓችን ጥግ ላይ ከነአቧራው የተቀመጠ አንድ ባለ አራት ሲሊንደር የማሳያ ሞተር አለ። አንድ የነዳጅ ግፊት ጌጅ፣ አንድ ካሊፐር፣ አንድ የሰዓት መብራት (እሱ አለን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል)፣ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ጥቂት ጄቶችና ሦስት ዓይነት አሮጌ ካርቡሬተር ይበቃሉ። ጄት ለመለካት ማሽን አያስፈልግም። ከአንድ የተወሰነ ከፍታ ውሃ በጄቱ ለአንድ ደቂቃ አሳልፎ በሲሪንጅ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ሁለት ጄቶችን ጎን ለጎን ያወዳድርላችኋል። እኔ በቤቴ አደረግሁት። 90 የተባለውና የመጀመሪያው 105 ልዩነታቸው ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ አገኘሁት፤ የ90ው ቀዳዳ ላይ ቆሻሻም ደረቅ ብሎ ነበር።

ካንዴላ ማንበብም ይግባበት። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ነዳጁ በዝቷል፣ ነጭ ሆኖ ከተለበለበ ሳስቷል፣ የማኪያቶ ቀለም ከሆነ ልኩ ነው ይባላል። ግን በሚኒሞ ቆይቶ የወጣ ካንዴላ ስለ ዋናው ጄት ምንም አይናገርም። ዳገት ላይ ሙሉ ተረግጦ፣ እዚያው ሞተሩ ጠፍቶ፣ እዚያው መውጣት አለበት። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከአዳማ አሰላ ያለው መንገድ ከማንኛውም ላቦራቶሪ ይበልጣል። በ75 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 800 ሜትር ትወጣላችሁ። አዳማ ላይ አንድ ካንዴላ፣ ዴራ ላይ አንድ፣ ኢተያ ላይ አንድ፣ አሰላ ላይ አንድ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ መደርደር ነው። ከዚህ የተሻለ የተግባር ፈተና ካለ ንገሩኝ።

የአጎቴ ቴስታታ አዲስ ቫልቭ ገብቶለታል። ሶሌክሱ ቶርኖ ቤት ነው፣ ቡሹ ለሐሙስ ይደርሳል ብለውናል። የሞተር ሳይክሉን ካርቡሬተር አጎቴ «ይህን ጣልልኝ» ብለው ሰጡኝ፣ አልጣልኩትም። ከሁለቱ ጄቶችና ቡሎን ከገባባት ላስቲክ ጋር በፌስታል ጠቅልዬ ዶርም አስቀምጬዋለሁ። ሰኞ ከሰዓት ወርክሾፕ ይዤው እመጣለሁ፤ ከኋላ የተቀመጣችሁትም ኑ።